ጥርስ አስወላቂው ዘፈን

ሆራስ ፓርጅተር በወንድሙ በሲሪል ሽኝት ቀን መጀመሪያ ዐይኑ ያረፈው ሳጥኑ ላይ አልነበረም፤ አበባውም ላይ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ጥርሳቸውን ሲያወልቁ ነው ያየው።

በአስከሬን ማቃጠያው በር ላይ፣ በኅዳር ካፊያ፣ ከቲፕተን ከተማ የመጣው ወንድ ሁሉ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ከአፉ እያወጣ፣ በመሐረብ እየጠቀለለ ደረት ኪሱ ውስጥ ይከታል። ከመንገዱ ማዶ የቆመው የጎረቤቷ ከተማ የዌንስበሪ ሰው ደግሞ መነጽሩን እያወለቀ ለሚስቱ ያስረክባል። ሚስቶቹም እጃቸውን አጣጥፈው አልቆሙም፤ ጉትቻቸውን እየፈቱ ቦርሳቸው ውስጥ ይጥላሉ። በዚያ አገር ሰው ጥርሱን የሚያወልቀው ወይ ሊተኛ ሲል ነው፣ ወይ «ወለሉን ስበረው» ሊዘፈን ሲል ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ጤነኛ ሰው አይተኛም።

«ጌታ ሆይ፣» አለ ሆራስ በሆዱ፣ «ዛሬ አለቀልኝ።»

ዘፈኑን ያልሰማ ጆሮ በዚያ አገር የለም፤ ካለም በዘፈኑ የደነቆረ ጆሮ ነው። የዘፈኑ ባለቤቶች «ብልጭልጮቹ መዶሻዎች» ይባሉ ነበር፤ ቀን ቀን ብረት ማቅለጫ ውስጥ ጥላሸት ሲጋቱ ውለው፣ ማታ ማታ የእናታቸውን ሸሚዝ ለብሰው የሚዘፍኑ ጎረምሶች። ሲሪል ዘፋኝ፣ ታናሹ ሆራስ ከበሮ መቺ፣ ላየነል ስቶክስ ጊታር። አንድ ባስ ጊታር የሚመታም ነበር፤ እሱን ግን ያኔም ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሲሪል ገላውን በብርማ የምግብ መጠቅለያ ጠቅልሎ፣ ዐይኑን ተኩሎ፣ ባለ ታኮ ጫማው ላይ ተሰቅሎ መድረክ ሲወጣ፣ ምድጃ ሊገባ የተሰናዳ ዶሮ ይመስል ነበር። ግን ማን ደፍሮ ይስቃል? ያ ዶሮ ሰንጋ የሚያህል ብረት ብቻውን ሲያነሣ የዋለ ዶሮ ነው።

በፈረንጆች አቆጣጠር በሰባ አራቱ ብርድ የከሰል ቆፋሪዎች ሥራ አቁመው፣ መንግሥት መብራትን እንደ ስኳር በራሽን ያድል ነበር። አንድ ቅዳሜ በቲፕተን ሠራተኞች ክበብ ውስጥ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ እንደ ደረሰ መብራቱ ድርግም አለ። ጊታሩ ሞተ፤ የሲሪልም ድምፅ ማጉያ ሞተ። ከበሮ ግን መብራት አይፈልግምና ሆራስ ቀጠለ። ሕዝቡም በርዶት ነበርና እግሩን እየወቀጠ አብሮት ሄደ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም! ጣሪያው አቧራውን አራገፈ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ አንደኛው ዱላ ከሆራስ እጅ አምልጦ ወደቀ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጉዱ የተወለደው ያኔ ነው። አንድ የቲፕተን ሰው ለወራት ቂም የያዘበት አንድ የዌንስበሪ ሰው ጎኑ ቆሞ ነበር፤ «የእሽቅድምድም እርግቤን ለድመትህ አበላሃት» ነው ቂሙ። ጸጥታው ውስጥ፣ ጨለማውን ተገን አድርጎ አገጩን አለው። ጧ! እንደ ጅራፍ ነው የጮኸው። በዚያችው ቅጽበት መብራቱ መጣ፤ ጊታሩ ነፍስ ዘራ፤ ሲሪልም ዘፈኑን ካቆመበት አነሣው። ሕዝቡ አበደ። «እንዲህ ያለ ቅንብር የት ተሰምቶ ያውቃል!» አለ። ዱላ ወድቆ ነው ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። በሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ከበሮው ዝም ሲል፣ ቤት ሙሉ ሰው ጎን ለጎን በቡጢ ተቃመሰ።

ሥርዓቱ በዚያው ጸና። እግር ይወቀጣል፤ ከበሮው እስኪያቆም ማንም ማንንም አይነካም፤ ያቆመ ጊዜ ጎንህ ያለውን ትመታለህ፤ ዘፈኑ ሲመለስ ትተቃቀፋለህ። ከበሮው ሳያቆም የመታ ሌባ ይባላል፤ ቢራ የሚገዛለት አያገኝም። ካቆመ በኋላ ያልመታ ደግሞ የባሰ ነው፤ ጎኑ ያለው ሰው ራሱ ይቀየመዋል፤ «ምነው ወንድሜ፣ ናቅከኝ እንዴ?» ይለዋል።

ሸክላው ሲቀረጽ ያችን «ጧ» ለማስገባት ላየነል ሲሪልን በጥፊ መታው። ቀራጩ «ድምፁ አልጠራም፣ ድገም» እያለ እስኪመሽ አስመታው፤ ሲሪል አንድ ጉንጩ እንደ ዳቦ ነፍቶ ነው ወደ ቤቱ የገባው። ሸክላው ወጥቶ ወር ሳይሞላው የአገሩን ዘፈን ሁሉ ረግጦ አንደኛ ሆነ፤ ከዚያ ወንበር የሚያወርደውም ለብዙ ሳምንት ጠፋ።

ከዚያማ ምን ይወራል! በሠርግ ላይ ሙሽሪት አማቷን በአንድ ቡጢ ኬኩ ውስጥ ቀበረቻት። ዌንስበሪ ውስጥ አንድ ፀጉር አስተካካይ ሬዲዮ ከፍቶ ሲላጭ ዘፈኑ መጣና፣ ደንበኛው ጆሮውን ይዞ ሆስፒታል ሄደ፤ ይዞ ማለት በእጁ ይዞ። ከንቲባው በገና ግብዣ ላይ የቄሱን አፍንጫ ሰበረ፤ ቄሱም ይቅር ብሎት ሲያበቃ በሚቀጥለው ገና መንጋጋውን ሰብሮ መለሰለት። የቲፕተን ጥርስ ሐኪም ጀልባ ገዛና ስሟን «ወለሉን ስበረው» አላት።

ሳቁ ያበቃው በሰባ ስድስት ነው። ዘፈኑ ያን ጊዜ ኳስ ሜዳ ገብቷል። የሲሪል ሚስት ሞሪን አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት፤ ኬልቪን ይባላል፤ ገና ጢም ያላበቀለ። ከጨዋታ ሲመለስ ባቡር ጣቢያው ላይ ሕዝቡ ያለ ከበሮ፣ በእግሩ ብቻ ይወቅጥ ጀመር። ከበሮ የያዘ ሰው ከሌለ ደግሞ መቼ እንደሚቆም የሚያውቅ የለም። ባቡሩ ሲያፏጭ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆመ። ኬልቪንን የመታው ሰው ማን እንደ ሆነ ዛሬም አልታወቀም። ጎኑ የቆመ፣ ስሙን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሥርዓቱን ጠብቆ ነው የመታው። ልጁ ሐዲዱ ላይ ወደቀ፤ ባቡሩም አልቆመለትም።

ሞሪን ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ሸክላ ደጇን አላስረገጠችም። ከዘፋኙ ጋር ሠላሳ ዓመት አንድ አልጋ ተኝታ፣ ዘፈኑን አንድ ቀን አላስዘፈነችውም። ሲሪል ሲያምረው ጓሮ ወርዶ፣ እርግብ ቤቱ ውስጥ ተወትፎ ለእርግቦቹ በሹክሹክታ ነበር የሚዘፍንላቸው።

ሆራስ ሚስት አላገባም፤ ልጅ አልወለደም። ብረት ማቅለጫው ከተዘጋ ወዲህ ከአንድ አሳ መጥበሻ ቤት በላይ ባለች ክፍል ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ልብሱ ሁሉ አሳ አሳ ይሸታል። በዓለም ላይ ያለው ነገር እሁድ ብቻ ነው። እሁድ እሁድ ሞሪን ቤት ይሄዳል፤ የበሬ ጥብስ በመረቅ ይበላል፤ ከሲሪል ጋር ይጨቃጨቃል፤ ሞሪን ሁለቱንም ትሰድባቸዋለች። ይችን ከወሰዱበት የቀረው የአሳ ሽታ ነው።

ሲሪል ሊሞት ሲል ሳንባው እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጭ ነበር።

«ሆሪ፣» አለው፣ «ስወጣ እሷን ዘፈን ትመታልኛለህ።»

«ሞሪን ትገድለኛለች።»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እየሞትኩ አንተ ስለ መሞት ታወራልኛለህ? ማልልኝ።»

ሆራስ ማለለት። ሲሪል በማግሥቱ አረፈ። ሞሪን ወጥ ቤት ቆማ ድንች እየላጠች ሆራስን ጠራችው።

«ምን እንዳስማለህ ሰምቻለሁ፤ ግድግዳው ስስ ነው» አለችው፣ ቀና ሳትል። «የሟች ቃል ነውና ምታለት። ግን ስማኝ ሆራስ። በባሌ ሳጥን ፊት አንዲት ጠብታ ደም ብትፈስ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዋርሳ የለኝም። በሬን እንዳታንኳኳ። እሁድም እንዳትመጣ።»

«ሞሪን፣ የሁለት ከተማ ሰው ነው እኮ የሚመጣው! ምን ልሁን?»

«ያንተ ሕዝብ ነው። ያስተማርካቸው አንተ ነህ።»

ሆራስ አሰበ። ሸክላው በማሽን ከተከፈተ ዝምታው ሸክላው ውስጥ ተቀርጿል፤ ማንም አያስቀረውም። በእጁ ከመታ ግን ዝምታው የእሱ ነው። እሱ ካላቆመ ማንም አይመታም። በማቃጠያው ሥርዓት ሳጥኑን ከሰው ዐይን የሚሰውረው መጋረጃ እስኪዘጋ ድረስ አለማቆም ነው እንግዲህ። ቀኝ አንጓውን ድሮ የብረት መጫኛ ሰብሮበታል፤ ድስት እንኳ በደንብ አያነሣም። ቢሆንም ምን አማራጭ አለው? ከበሮውን አቧራውን ጠርጎ በኪራይ መኪና ማቃጠያው ጸሎት ቤት አስገባው።

ጥርስ አውላቂዎቹን አልፎ ሊገባ ሲል አንድ ሰው ጀርባውን በጥፊ አለው። ላየነል ስቶክስ ነበር። ራሱ ላይ ቀይ ዊግ፣ ጉንጩ ላይ ብልጭልጭ ዱቄት፣ ታች ደግሞ የጥንቱ ብርማ ሱሪ፤ ቁልፉ እንቢ ስላለ በገመድ ታስሯል።

«አንተ አሮጌ ገንቦ! እስካሁን አልሞትክም?» አለው።

«ተራዬን እየጠበቅኩ ነው። ያንተ ሱሪ ግን ቀድሞህ ሄዷል።»

«ሱሪው ያው ነው፤ ሆዴ ነው የከዳኝ።» ላየነል ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጊታሩን እቅፍ አደረገ። «ሆሪ፣ ዛሬ ዝምታዋን ረዘም አድርጋት። ለሲሪል ክብር። ጎኔ የሚቆመውን ሰው ከወዲሁ መርጫለሁ፤ አንድ ወፍራም የዌንስበሪ ሥጋ ሻጭ ነው፣ ፊቱ ትራስ ነው የሚመስለው።»

ሆራስ «እናያለን» አለ።

«እናያለን ምን ማለት ነው? ያለ ጧ ልትሸኘው ነው? ወንድምህን? ያለ ጨው የተቀቀለ ድንች አድርገህ?»

ሆራስ ከበሮው ወዳለበት ወደ ውስጥ ዘለቀ። ላየነል ጠርጥሮ አየው።

የማቃጠያው ኃላፊ ሚስተር ፒንፎልድ ከደቡብ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር፤ ከሲጋራ ወረቀት የተሠራ ይመስላል። «እባካችሁ፣ ከእናንተ ቀጥሎ ሌላ ቤተሰብ አለ፤ ቶሎ ቶሎ እንበል» አለ። ቀጥሎም በዝግታ፣ «ሙዚቃ አለ ተብያለሁ። ሰው ትንሽ ያጨበጭብ ይሆን?»

«ትንሽ» አለ ሆራስ።

ሳጥኑ ገባ። ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀመጠ። አናቱ ላይ በነጭ አበባ የተሠራ፣ ሰው የሚያህል ባለ ታኮ ጫማ ተቀምጦበታል፤ የክበቡ ስጦታ ነው። ከግራና ከቀኙ ያለው ቀይ መጋረጃ በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ነው። ሞሪን ፊት ለፊት፣ ጥቁር ኮት ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሆራስን ብቻ ታያለች። ሳጥኑን አይደለም፤ ሆራስን።

ቄሱ ያለውን አለ። ከዚያ ላየነል ጊታሩን ነካካ፤ ሆራስ ዱላዎቹን አነሣ፤ ዘፈኑ ተጀመረ። የሲሪልን ቃል ሕዝቡ ራሱ ዘፈነለት፤ ጥርስ የሌለው ስለሆነ ቃሉ ሁሉ እንደ ሳሙና ያዳልጣል። መሐል ላይ ሲደርስ ጊታሩ ቆመ። ከበሮውና እግሩ ቀረ።

ዱም። ዱም። ዱም።

የጸሎት ቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሻማ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው እያነሡ ወቀጡት፤ ቡጢያቸውን ጨብጠው ጎናቸውን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ሥጋ ሻጩ ትራስ ፊቱን አዙሮ ላየነልን ፈገግ አለለት። ዝምታው የሚመጣበት ቦታ ደረሰ።

ሆራስ አላቆመም።

አንዳንዱ ቡጢውን ሰንዝሮ አየር ላይ ያዘው። «ምን ሆነ?» «ረሳው እንዴ?» «አርጅቷል፣ ይርሳ፣ ጠብቁት።» ወቀጣው ቀጠለ። ከበሮው እየመታ እግር ማቆም ነውር ነውና ማንም አላቆመም። ሆራስ ወደ ሚስተር ፒንፎልድ በአገጩ ጠቆመ፤ መጋረጃውን ዝጋ ማለቱ ነው። ሰውዬው ቁልፉን ተጫነ። መጋረጃው ከሁለት በኩል ተንቀሳቀሰ፤ ተንቀሳቀሰና የአበባው ጫማ ታኮ ላይ ተጠመጠመ። ሞተሩ ጓ ጓ አለ። ቆመ።

«አቤት ወንድሜ» አለ ሆራስ በሆዱ፣ «ሞተህም ጫማህ ያስቸግራል።»

ዱም። ዱም። ዱም። አንጓው መጮኽ ጀምሯል። ሕመሙ ከክንዱ ወጥቶ ትከሻው ላይ ተቀመጠ። ሕዝቡ ፊቱ ቀላ፤ አንድ ሽማግሌ «ሆሪ፣ ልቤ ሊፈነዳ ነው፣ አቁምና ልምታው!» ብሎ ለመነ። ጎኑ ያለውም «አዎ፣ አስመታኝ በናትህ፣ ቆሜ ማረር ሰለቸኝ!» አለ።

ያኔ ላየነል ገባው። ጊታሩን ከአንገቱ አውልቆ ከበሮው ድረስ መጣ።

«እንደማታቆም አውቄአለሁ» አለ። እንባው ብልጭልጩን አጥቦ ጉንጩ ላይ መስመር ሠርቷል። «ለሞሪን ብለህ ነው። ሲሪል ግን የኔም ወንድም ነበር! ያን ቀን ጉንጩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ ያ ሸክላ ላይ ያለው ጧ የሱ ፊትና የኔ እጅ ነው። አቁም!»

«ሂድ ወደ ቦታህ፣ ላየነል።»

«አቁም እልሃለሁ!»

የሆራስን ደካማ እጅ ያዘ። ሆራስ በግራ እጁ ብቻ ቀጠለ። ላየነል ትልቁን ከበሮ ረገጠው፤ ቆዳው ተተረተረ። ሆራስ በትንሹ ቀጠለ። ላየነል ጊታሩን በአንገቱ ጨብጦ ወደ ኋላ ወሰደና፣ በሙሉ ኃይሉ ሆራስ አፍ ላይ አሳረፈው።

«ሌባ!» ብሎ ጮኸ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። «ከበሮው ሳይቆም! ሌባ! ሌባ!»

ግን ማንም ሊነካው አይችልም፤ ከበሮው አልቆመማ። ሁሉም ቡጢውን እያወናጨፈ እየወቀጠ ይሳደባል።

የሆራስ ከንፈር ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አፉ በትኩስ ደም ሞላ። የፊት ጥርሱ፣ ያ የገዛ ራሱ ጥርስ፣ ተነቅሎ ምላሱ ላይ ይንከባለላል። ዐይኑ ጨለመበት። አንዲት ጠብታ። ሳጥኑ ፊት ለፊቱ ነው። ከንፈሩን እንደ ሳንቲም ቦርሳ ገጠመ፤ ራሱን ወደ ኋላ ቀና አደረገ፤ ደሙን ዋጠ። ጥርሱንም ዋጠ። እንደገና ሞላ፤ እንደገና ዋጠ። እጁ አልቆመም። ዱም። ዱም። ላየነል ደግሞ ሰነዘረ፤ አሁን ጆሮው ላይ። ሆራስ ከወንበሩ ተንሸራተተ፤ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ መታ። በሦስተኛው የጊታሩ አንገት ራሱ ተሰበረ፤ ላየነልም የቀረውን እንጨት ይዞ ቆሞ ያለቅስ ጀመር።

ሞሪን ተነሣች። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች። በሚወቅጠው ሕዝብ ፊት ቀስ ብላ ሳጥኑ ድረስ ሄደች። የአበባውን ጫማ በሁለት እጇ ይዛ ነቀለችው፤ ሽቦው መዳፏን ቧጨራት። በእንጨቱ ላይ አንዴ ጉንጯን አሳረፈች። ከዚያ መጋረጃውን እንደ መስኮት መጋረጃ በእጇ ጎትታ ዘጋችው። ሲሪል ሄደ።

ጫማውን እዚያው ጥላ ሆራስ ጎን መጣች። ጎንበስ ብላ ፊቱን አየች፤ ጉንጩ ተነፍቶ፣ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል። የተሰነጠቀው ከንፈሩ በግድ ተገጥሟል። አገጩ ላይ ምንም የለም። ወለሉም ላይ ምንም የለም።

«አቁም» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። በዐይኑ ሕዝቡን አሳያት።

«ቀብሩ አልቋል፣ ሆራስ። ሌላ ሬሳ በር ላይ ቆሟል። አቁም።»

ሊነግራት ፈለገ፤ አፉን ቢከፍት ይፈሳል። ካቆመ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ዐይኗን ከዐይኑ አልነቀለችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ጎን ለጎን ቆሞ ሲፈጣፈጥ ከበሮ መቺ ጎን ቆሞ የሚያውቅ ሰው የለም። እሱ ብቻውን ተቀምጦ፣ ሌላው ሲወድቅ ሲያይ ነው የኖረው። ዛሬ ጎኑ ሰው ቆሟል።

አቆመ።

ጸጥ አለ። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሲያንሾካሹክ ተሰማ።

ሞሪን ቡጢዋን ከወገቧ አነሣችና አፍንጫው ላይ አሳረፈችው። ጧ! ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ ነው፤ ሆራስ ከነከበሮው ተገለበጠ፤ አፉ ተከፈተ፤ የዋጠውና ያልዋጠው ባንድ ላይ ወጥቶ የላየነልን ዊግ የባሰ ቀይ አደረገው።

ከዚያ ዓለም ተገለበጠ። ሥጋ ሻጩ ላየነልን «ሌባ!» ብሎ አንድ ጊዜ ቢያሳርፍበት ላየነል የዘማሪዎቹን ሰገነት ነክቶ ተመለሰ። ቲፕተን ዌንስበሪን፣ ዌንስበሪ ቲፕተንን፣ የአጎት ልጅ የአጎት ልጅን ፈጀው። ያ ሁሉ የታመቀ ቡጢ ባንዴ ነው የወጣው። የጎድን አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ። አንዲት አሮጊት የመዝሙር መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛ የባሏን የቀድሞ እጮኛ ትቀጠቅጣለች። ሚስተር ፒንፎልድ ሊገላግል መሐል ገባ፤ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ሲወጣ ኮቱም ጫማውም አብረውት አልነበሩም። በሩ ተከፈተና ተረኛው ቤተሰብ፣ ጨዋ ጨዋ የሆነ ሐዘንተኛ፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ብቅ አለ። ቆመው አዩ። ሳጥናቸውን በጥንቃቄ ግድግዳ ሥር አኖሩ፤ ጥርሳቸውን አወለቁ፤ ገቡ።

ሞሪን ሆራስን በኮቱ አንገት ይዛ በወንበሮቹ ሥር እየጎተተች በጎን በር አወጣችው። ካፊያው ፊቱን አጠበው። ከኋላቸው መስኮት ተሰብሮ አንድ የአበባ ታኮ ወጣ።

መኪናዋ ላይ አስደግፋ መሐረቧን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀችለት። መዳፏ የተቧጨረበት ቦታ ደምቶ ነበር፤ በኮቷ ጠረገችው።

«የሲሪልን ቃል?» አለች።

«ፈጸምኩ» አለ በመሐረቡ ውስጥ።

«የኔንስ?»

«ያንቺንም።» አፍንጫው እንደ ድንች አብጧል። ሸሚዙን ወደ ታች አየና አሰበበት። «ይሄ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ የፈሰሰ ነው።»

«አየሁት። ስትውጥም አይቼሃለሁ።» ሞሪን የመኪናውን በር ከፈተች። ቡጢዋ ገና አልተፈታም ነበር። በሌላኛው እጇ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። «እሁድ ሾርባ ነው የምሠራው። ላንተ ብዬ ጥብስ አላቃጥልም፤ የምታኝክበት የለህም።»

ሆራስ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መሐረቡ ወደቀ።

«መቀመጫው ላይ እንዳታንጠባጥብ!» አለችውና ሞተሩን አስነሣች።